የካዝናው ሁለተኛ ቁልፍ

እልኸኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። ለአንድ ቁልፍ ብዬ ስድስት ዓመት እልህ ተጋብቻለሁ፤ ዛሬም አይቆጨኝም።

ከፈረስ መጋላ አደባባይ ብዙም በማይርቅ የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ የተቀጠርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ባንክ ውስጥ ሠርቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ካዝናው ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ጋ፣ ሌላው ቁልፍ ያዥ የሚባለው ሠራተኛ ጋ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ካልቆሙ አይከፈትም። ቁልፍ ያዥ አበል አለው፣ ከመስኮት ተነስቶ ወደ ኃላፊነት የሚኬድበትም መንገድ እሱ ብቻ ነበር። በመስኮቶቹ የተቀመጥነው አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ቁልፉን ይዛ የምታውቅ ሴት ግን አልነበረችም።

ሦስት ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሦስተኛው ላይ ቦታው የተሰጠው ሥራ ሲጀምር እኔ አጠገብ አስቀምጬ ላለማመድኩት ልጅ ነው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሲሾም ሊያመሰግነኝ መጣ። ምስጋናው ራሱ አናደደኝ።

ሥራ አስኪያጃችን ከመሀል አገር ተዛውረው የመጡ፣ በዕድሜም የገፉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ቢሯቸው ገብቼ ምክንያቱን ስጠይቃቸው አስቀመጡኝና እንደ አባት መከሩኝ።

«እንደ ልጄ ስለማይሽ ነው። ቁልፍ ያዥ አንድ ቀን ቀረ ማለት ቅርንጫፉ ተዘጋ ማለት ነው። ሴት ደግሞ ትወልዳለች፣ ልጅ ይታመምባታል። ለምን ትቸገሪያለሽ?»

«ችግሩን ለእኔ ይተዉልኝና ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ፤ ከወሊድ ፈቃድ ውጭ የቀረሁበት ቀን ካለ ፋይሌ ፊታቸው ነበር። ገልጠው አላዩትም።

ከሚሌኒየሙ በኋላ ይመስለኛል፣ የአረፋ ዋዜማ ሰኞ ዋለ። ሰዉ በግ ሊገዛ፣ ለልጆቹ ልብስ ሊገዛ ከማለዳው በሩን ሞላው። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ቁልፍ ያዡ የለም። ቅዳሜ ድሬዳዋ ሠርግ ሄዶ እዚያው አድሮ፣ እሑድንም እዚያው ውሎ፣ ሞባይሉን ዘግቷል። ትርፉ ቁልፍ የሚቀመጠው ሌላ ከተማ ነው። ሥራ አስኪያጁ የራሳቸውን ቁልፍ በእጃቸው ይዘው ካዝናው በር ላይ ይንጎራደዳሉ። አሳዘኑኝ፤ ግን ውስጤ አንድ ነገር «እሰይ» ማለቱንም አልክድም።

ሦስት ሰዓት ላይ ወደ መስኮቴ መጡና ጎንበስ ብለው «ሲስተም የለም በያቸው። አንቺን ያምኑሻል» አሉኝ።

ባንክ የሄደ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። ሲስተም ሲኖርም ሳይኖርም እንላታለን። ኃላፊው ሲያረፍድ፣ ብር ሲያልቅ፣ ሁሉም ነገር ሲስተሙ ላይ ይላከካል። እኔም ስንቴ ብያታለሁ። የዚያን ቀን ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ያረፈደው የማያረፍድ ተብሎ የተመረጠው ሰው ነው፤ የእሱን ማርፈድ እንድሸፍን የተመረጥኩት ደግሞ ታረፍዳለች የተባልኩት እኔ።

ተነስቼ ቆምኩ። «ሲስተሙ ደህና ነው» አልኩ፣ የኋለኞቹም እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ። «የካዝናው ቁልፍ ነው የሌለው። ቁልፍ ያዡ ድሬዳዋ ነው። የሚቸኩል ካለ ከሰዓት ይመለስ፣ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ጎረምሳ «አቦ እናንተም እንደኛ በር ላይ ናችኋ» ብሎ አሳቀ። ከፊት የነበሩት ከሶፊ ገጠር ጫት እያመጡ የሚያስረክቡ፣ የዓመታት ደንበኛዬ የሆኑ ባልቴት ናቸው። መስኮቱ ላይ ተደግፈው አዩኝ።

«አንቺ ሁሌ እዚህ አይደለሽ? ለምን ላንቺ አይሰጡሽም?»

«ሴት ትወልዳለች ብለው ነው፣ እናቴ።»

ትንሽ አሰቡ። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ» አሉ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው። «ጫቴ አንድ ቀን ሳይቆረጥ አድሮ አያውቅም፣ ወላሂ። ቁልፍ ያዡ የሄደው ሊወልድ ነው?»

የሳቁን ብዛት አልነግራችሁም። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ልጁ አምስት ሰዓት ላይ፣ የሠርግ ልብሱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ ቀልቶ ደረሰ።

ከበዓሉ በኋላ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ደብዳቤ አለ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በደንበኞች ፊት የቅርንጫፉን ስም አጉድፈሻል ይላል። አነበብኩት፣ ፈረምኩ። ያልኩትን ብያለሁ፤ አልክድም። ሁለተኛውን ሲያቀብሉኝ ፈገግ አሉ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በልጁ ቦታ ተጠባባቂ ቁልፍ ያዥ ሆነሻል ይላል።

ለአንድ አፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ቃሏን መልሼ አየኋት። ተጠባባቂ አበል የለውም። ተጠባባቂ ደረጃው አያድግም። ቁልፉን ትይዣለሽ፣ ብር ቢጎድል ትጠየቂያለሽ፣ ሰው ሲገኝ ትነሻለሽ ማለት ነው። ልጁ ሲሾም ደብዳቤው ላይ ይህች ቃል አልነበረችም። ብዕሩን ክዳኑን ገጥሜ አስቀመጥኩት።

«ምነው?» አሉ።

«ከእኔ በፊት ተጠባባቂ የተባለ አለ?»

«ቃል እኮ ናት። ምን ታደርግሻለች? ፈርሚና ሥራሽን ጀምሪ።»

«ምንም የማታደርግ ከሆነች ያውጧት።»

ደብዳቤውን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም። ባልደረቦቼ «የተሰጠሽን ብትቀበዪ ምን አለ፣ ቀስ ብሎ ይስተካከላል» ይሉኝ ነበር። ባሌም ያንኑ አለ። ሌሊት ሌሊት እኔም ይህንኑ እል ነበር፤ በማስጠንቀቂያ ላይ ቁልፉም ቢቀርብኝስ ብዬ ፈርቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን መፈረም አልሆንልሽ አለኝ፤ ለስድስት ዓመት የለመንኩትን በምጽዋት መልክ ልቀበለው አልፈለግኩም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሥራ አስኪያጁ አዲስ ደብዳቤ ይዘው ጠሩኝ፤ ተቀመጪ ቢሉኝም ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሏ የለችም። ፈረምኩ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ። ቀጥታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ለልጁ በአንድ ቀን የተሰጠው ነገር የእኔን ስድስት ዓመት መብላቱ አንገበገበኝ። ማልቀሴን ለማንም ሳልናገር ኖሬያለሁ፣ ሴት ናት አለቀሰች እንዳይሉኝ። አሁን ይበሉ። ፊቴን ታጥቤ ቁልፉን ልረከብ ሄድኩ።