አባቴን የከሰስኩበት ቅዳሜ

ከአገሬ ርቄ በምኖርበት ሴንት ጄምስ ታውን ካለው ላይብረሪ ተቀምጬ ሳለሁ የልጄ ልጅ ሳራ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ጀርባው ላይ የአንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ፎቶ አለ፤ ደራሲ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ሰውዬ ልጅ ሆኖ ስኩል ድሮፕ አደረገ። በጣም ፑር ነበሩ» አለችኝ። እንደነገረችኝ ገጠር ተወልዶ፣ ጎመን እየተሸከመ፣ በየጎረቤቱ ግድግዳ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ እየዞረ እያነበበ አደገ። ኋላ ወታደር ሆኖ መጻፍ ጀመረ፤ ዛሬ መጽሐፎቹ በየአገሩ ይነበባሉ።

«ከትምህርት ሲያስወጡት ማንን ከሰሰ?» አልኳት።

«ኖ እማማ፣ ማንንም። ዝም ብሎ ጻፈ።»

መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ በመደርደሪያዎቹ መሃል ተንጎራደድኩ። እኔ ከስሼ ነበራ!

ልጅ እያለሁ አባቴ ወንድሜንና እኔን ሁለታችንንም ማስተማር አልቻለም፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ከእህሉ ወፍ የሚያባርር ሰው ያስፈልገዋል። እኔን አስወጣኝ። በትምህርት ወንድሜን እበልጠው ነበር፤ አባቴም ያውቃል። ቅዳሜ ገበያ መሃል የጋቢውን ጫፍ ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩና «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ዘመን ይህ ከተባለ የተከሰሰ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ መንገደኛው ዳኛ ይሆናል።

«አንቺ፣ አብደሻል?» አለ አባቴ። ግን ቆመ።

«ኧረ ጉድ! አባቷን አቆራኘችው!» ብላ ጨው ሻጯ ሳቀች። የበርበሬውና የእርጥብ ቆዳው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አንድ የማናውቃቸው ሽበታም ሰው ግን አልሳቁም። ዋርካው ሥር ተቀምጠው ሁለታችንንም ሰሙንና «ተራ በተራ ይማሩ። አንድ ቀን እሱ፣ በማግስቱ እሷ» ብለው ፈረዱ። አባቴ እጅ ነስቶ ቋጠሮውን ፈታ።

ቃሉንም ጠበቀ። በተራዬ ቀን እየሮጥኩ ነበር የምሄደው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን መምህሩ «በየቀኑ ያልመጣ አይፈተንም፤ አንዳችሁ ቅሩ» አለን። አባቴ ወንድሜን መረጠ። እኒያ ሽማግሌ መንገደኛ ነበሩ፤ ይግባኝ የምለው ሰው አጣሁ።

አሁን ሳራና ወንድሟ ጠዋት ጠዋት እኩል ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ ማንም አይመርጥም። ደስ ይለኛል። አንዳንድ ቀን በሩ ሲዘጋ አርፌ እቀመጣለሁ። በማግስቱ ግን እግሬ መቀመጥ እንቢ ብሎ ወደ በሩ ይወስደኛል፤ ተራዬ ይመስለኛል።