ግድግዳው ላይ ያረፈው መዳፍ

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚታየኝ መዳፋቸው ነው። በደርግ ዘመን ቤታችን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስገባው መንገድ ዳር ነበር። ግድግዳው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ለአሰሳ የሚመጣ የወታደር መኪና ይሁን የመሬት መንቀጥቀጥ አናውቅም። እናቴ ታላቅ ወንድሜን ጓዳ ጆንያ ኋላ ትደብቅና፣ «ጋሼ፣ ምንድን ነው?» ትላለች። አጎቴ የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ።

«መኪና ከሆነ ቀስ እያለ ይጨምራል» ይሉን ነበር። «መሬት ግን ሁለት ዓይነት ሞገድ ይልካል። ፈጣኑ ድንገት ጎሸም ያደርግሃል፤ ዘገምተኛው ተከትሎ ያወዛውዝሃል።»

ቤቱ ሲወዛወዝ «መሬት ነው» ይላሉ። ጣሪያው እላያችን ላይ እየተንቋቋ እናቴ ትተነፍሳለች። «አልሀምዱሊላህ፤ መሬት ስም ጠርቶ ሰው አይወስድ።»

እሳቸውን በቀበርን በሳምንቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። የእሳቸው እጅ ያረፈበት ኖራ በወዝ ጠቁሯል። መዳፌን እዚያው ላይ አደረግሁ።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው?» አለች እናቴ ከጓዳ፣ ወንድሜን እየደበቀች፣ መሞታቸውን ረስታ።

 መንቀጥቀጡ መዳፌ ሥር ቀስ እያለ ይጨምር ነበር።