ማን አስተማረሽ ሲሉኝ

ከሆሳዕና የወጣሁት ማክሰኞ ሲመሽ ነው፤ በአጎቴ በሃንዲሶ የጭነት መኪና፣ በርበሬ የጫነ መስሎ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ አብረውኝ የሚዘምሩት ልጆች እየተለቀሙ ሲታሰሩ፣ ተረኛዋ እኔ እንደሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እናቴ በሀዲይኛ "አትፍሪ" አለችኝና ፊቷን አዞረች። ወይ አለመፍራት፣ መኪናዋ ላይ እንኳ አጎቴ ነው ጎትቶ ያወጣኝ።

አጎቴ እስከ ሞያሌ ሊያደርሰኝ ነበር ያሰበው። ዲላን እንዳለፍን ወባው ተነሳበት። ተንቀጠቀጠ፣ ቃዠ፣ መኪናዋን እንደምንም ጥግ አስያዘና መሪው ላይ ድፍት አለ። እዚያ ቆመን ብንገኝ ወዴት ናችሁ መባላችን ነው፤ ያን ጊዜ እሱም እኔም አለቀልን። ገፋ አድርጌ አስተኛሁትና መሪውን ያዝኩ። ነድቼ አላውቅም። ግን አጎቴ አማርኛ ስለሚቸግረው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቦኖሻም ዳምቦያም ገበያ ሲሄድ ኬላ ላይ እንዳስተረጉምለት ይዞኝ ይዞር ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ እጁንና እግሩን ሳይ ነው ያደግሁት።

ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ መኪናዋ እንደ እልኸኛ በሬ ዘላ ተነሳች። የሀገረ ማርያምን ቁልቁለት እየጮህኩ ወረድኩ። ኬላ ላይ አጎቴን እያሳየሁ አባቴ ታሞብኝ ነው አልኩ፤ ጠባቂዎቹ ሴት መኪና ስትነዳ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ በድንጋጤ ገመዱን ለቀቁልኝ። ሞያሌ አጎቴን ለሚያውቀው ነጋዴ አስረክቤ ድንበሩን በእግሬ ተሻግሬ ናይሮቢ ገባሁ።

የናይሮቢ ብርድ የሆሳዕናን ይመስላል። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ግን፣ እናንተ ቆጮ በአይብ የምትበሉ ሰዎች፣ ጨው የረሱት ገንፎ ነው። እሱስ ይለመዳል። የስደተኛ ወረቀት ካላገኘሁ ግን ፖሊስ አፍሶ ወደ ድንበር ይመልሰኛል፤ መመለስ ማለት ለእኔ እስር ቤት ነው። በስደተኞች ቢሮ ቃሌን የተቀበለኝ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ የአገራችን ሰው ያስተረጉማል።

"መንዳት ማን አስተማረሽ?" አለኝ ፈረንጁ።

"ማንም።"

"ማንም ያላስተማረው ሰው የጭነት መኪና አይነዳም።"

"እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር" አልኩት።

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "እህቴ፣ አጎቴ አስተማረኝ በይና እንገላገል" አለኝ። ፈራሁ። አንዷ ውሸት ከተያዘች እውነቱንም ይዛብኝ ትሄዳለች ብዬ እምቢ አልኩ። ፈረንጁ ሌላ ቀን ተመለሽ አለኝ፤ ፊቱን ሳየው አላመነኝም።

በዚያው ሰሞን አብራኝ የምትኖረው የአዲስ አበባ ልጅ አልማዝ፣ ላጽናናሽ ብላ ቪዲዮ ቤት ወሰደችኝ። ሰዎች በጠፈር መርከብ የሚዋጉበት ፊልም ነው፤ ክፍል ሁለት። ክፍል አንድን አልማዝ አይታዋለች። ያኔ መርከብ ስትጠርግ የነበረችው ልጅ አሁን ያለ አንድ አስተማሪ እጇን ዘርግታ፣ የሚወድቅ መርከብ አየር ላይ ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። አልማዝ ተናደደች። መምህር እንኳ ሳያሳዩን፣ ትናንት መጥረጊያ የያዘች ልጅ ዛሬ ከየት አመጣችው አለች። ከኋላችን የተቀመጡት ሐበሾችም ደገፏት። እኔ ተቃጠልኩ። ሌሎቹ ሲሠሩ እያየች አይደል የኖረችው? ጭንቅ ሲመጣ ወጣላት፤ ምኑ ይገርማል ብዬ ተሟገትኩላት።

"እና አንቺ አመንሻት?" አለችኝ አልማዝ።

አሰብኩት። እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። ያን የሚያህል ነገር ይዛ ፈገግ ትላለች፤ ላብ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ።

"ኃይሉንስ አምኛለሁ" አልኳት። "ግን ልጅቷ አልፈራችም። ውሸቱ እሱ ጋ ነው።"

በሁለተኛው ቀጠሮዬ ስለ ማርሽና ስለ ፍሬን አላወራሁም። መሪው ላይ ሆኜ ቀሚሴ ላይ እንደሸናሁ ነገርኩት። እግሬ ፍሬኑ ላይ ደርቆ አልነሳ ሲለኝ በእጄ ጎትቼ እንዳነሳሁት፣ የማውቀው መዝሙር ሁሉ ጠፍቶኝ እንደ ሕፃን እናቴን በሀዲይኛ እየጠራሁ እንደነዳሁ ነገርኩት። አስተርጓሚው ቃል በቃል ተረጎመው። ፈረንጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትንሽ አየኝና ውሳኔውን ጠብቂ አለኝ። ይኸው እየጠበቅሁ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ዘልዬ እነሳለሁ።

ባለፈው እሑድ በስንት ልመና እናቴን ሆሳዕና ቴሌ ድረስ አስጠርቼ ደወልኩላት። መስመሩ ላይ ያለው ሰው በአማርኛ ብቻ አውሩ ብሎ አዘዘን። እናቴ የገበያ አማርኛዋን እየፈለገች፣ አጎቴ ወባው እንደለቀቀውና ቤቱ እንደገባ ነገረችኝ። ተመስገን አልኩ።

"አንቺስ?" አለችኝ። "አሁንም ትፈሪያለሽ?"

"አልፈራም፣ እማዬ። ምንም አልፈራም።"

ከዚያ የታዘዝነውን ረስታ፣ ቀስ ብላ በሀዲይኛ "አትፍሪ" አለችኝ።

መስመሩ ወዲያው ተቋረጠ። ደግሜ ልደውል ስልኩ ጋ እሄድና የባሰ እንዳላመጣባት ፈርቼ እመለሳለሁ። ምን አድርገዋት ይሆን?