የብርድ አገር ሰው

ካርቱም ውስጥ በብርድ ምክንያት ልሞት ነበር ስል አገር ቤት ያሉ እኅቶቼ ይስቃሉ። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ከወሎ ደጋ ስነሣ ጋቢዬን ለታናሿ እኅቴ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። ሱዳን የፀሐይ አገር ነው፣ ጋቢ ምን ይሠራልኛል አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉም ትክክል ነበርኩ። አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ መሐንዲስ ቤት ስሠራ ብርድ ያየሁት የሳሎኑ ማቀዝቀዣ ሥር ስቆም ብቻ ነው። በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይነፍሳል፣ ልጆቹ ሹራብ ደራርበው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ እኔም በሆዴ እስቅባቸዋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ብርድ፣ መሐንዲሱ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጠራኝ። እናቱ ጋ ሄጄ የብርዱን ወራት እንዳሳልፍ ፈለገ። እናቱ የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሶባ፣ ዓባይ ዳር ባለ የቤተሰቡ እርሻ ላይ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከተማ ይግቡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል። አብራቸው የነበረችው የዘመድ ልጅ አግብታ ሄዳለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ብርዱ ደረታቸውን ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ይህን ሁሉ ካስረዳኝ በኋላ፣ "አንቺ የብርድ አገር ሰው ነሽ፤ ብርድን እንዴት እንደሚከላከሉት ታውቂያለሽ" አለኝ።

አውቃለሁ ወይስ አላውቅም ብዬ ሳመነታ ሚስቱ "ኢንሻአላህ" አለች። ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

ቋንቋው ራሱ ያምታታኝ ነበር። እነሱ የብርዱን ወራት "ሺታ" ይሉታል። አዲስ የመጣሁ ሰሞን እመቤቲቱ "ሺታ መጣ" ስትል የምን ሽታ ነው፣ ወጥ አረረ እንዴ ብዬ ወደ ማድ ቤት ሮጫለሁ። ወደ ሶባ ስንሄድ መሐንዲሱ መኪናውን እየነዳ ሺታን በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቀኝ። ክረምት ልለው አልኩና ተውኩት፤ ክረምት ለእኛ ዝናብና ጭቃ ነው። በጋ እንዳልለው በጋ ፀሐይ ነው። ውርጩ የሚወርደው ግን በበጋ ነው። ይህን በአረብኛ ላስረዳ ብሞክር ለራሴም ጠፋብኝና "ስም የለውም" አልኩት። በመስተዋቱ አየት አደረገኝ። የብርድ አገር ሰው ሆና ለብርድ ወር ስም የሌላት ሴት ምን ዓይነት ናት ብሎ ሳያስብ አይቀርም።

እርሻው የሎሚ ዛፎች፣ ለከብት የሚዘራ በርሲም የሚሉት አረንጓዴ መኖና ስምንት ላሞች ነበሩት። ቤቱን የሠሩት ሟቹ ባል ናቸው። ሙቀት ለመሸሽ የተሠራ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እንዲወጣ። አልጋውም በገመድ የተጠለፈ ዐንገረብ ነው፤ በሙቀቱ ጊዜ ከሥር አየር ያስገባል ተብሎ የሚወደድ። በዚያ ሰሞን ግን ነፋሱ ከሰሜን፣ ከበረሃው፣ አቧራ ይዞ ይመጣል። የወንዙ እርጥበት ይጨመርበትና ከዐንገረቡ ሥር ወገብ ድረስ ይገባል። ሁለት ብርድ ልብስ ከላይ ደርቤ ከሥር እንደ በረዶ የምቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አንድ ሳምንት አለፈ።

አገሬ ብርድ አለ፤ ግን ብርዱ ደጅ ነው። ቤታችን ድንጋይ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ጣሪያው ሣር ነው፣ እሳቱ መሃል ላይ ነው፣ ከብቶቹም በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። በር ሲዘጋ ብርዱ ውጭ ይቀራል። እዚህ ግን አብሮን ገብቶ አብሮን ይቀመጣል። ምን እንደሚደረግ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ሁሉም ግን እኔን ያያል።

አሮጊቷን እንደ ልጅ ልጆቻቸው ሀቦባ እላቸው ነበር፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። አእምሯቸው ይሄዳል፣ ይመጣል። አንዳንድ ጠዋት ከልጃቸው ቤት የመጣሁ ሐበሻ መሆኔን ያውቃሉ። አንዳንድ ጠዋት ድሮ የሞተች እኅታቸው እሆናለሁ፣ በሌላ ቀን ደግሞ የሆነች ጎረቤት። መጀመሪያ ላይ አይደለሁም እላቸው ነበር። ሲከፋቸው አየሁና የጠሩኝን ሁሉ መሆን ጀመርኩ። ከጊዜ በኋላ እኔም በየትኛው ስም እንዳደርኩ እስኪነግሩኝ እጠብቅ ነበር።

ላሞቹን የሚያልበው ዘበኛ ከምዕራብ ሱዳን የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በገባሁ በሁለተኛው ቀን አገራችሁ ከብቶች ሲበርዳቸው ምን ታደርጋላችሁ አለኝ። አላውቅም ስለው የደበቅኩት መሰለውና ፊቱን አዞረ። በሌላ ቀን ሲጠይቀኝ ቤት እናስገባቸዋለን አልኩት። ይህ እውነት ነው። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወዲህ አከበረኝ።

ብርዱ በጠናበት ሳምንት ጥቁሯ ላም ያለ ጊዜዋ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ እግሯ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ። ዘበኛው በጆንያ ጠቅልሎ በረት ውስጥ ቢያስተኛትም ጆንያው ራሱ ከእሷ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆሞ አየኝ። ሀቦባም ከበረንዳው ሆነው አዩኝ። "እናስገባት" አልኩ። ሀቦባ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። ጥጃዋን መኝታ ክፍላችን ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ገለባ አንጥፈንላት አስተኛናት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። እንደ አገሬ ላድርገው አልኩ። መስኮቶቹን በጆንያ ደፈንኩ፤ ስንጥቁን በጭቃና በእበት መረግኩ። ሀቦባ ጆንያውን እያቀበሉኝ ይስቁ ነበር። ያን ቀን ቤቱ ትንሽ ተሻለ። በማግሥቱ ግን የንጋት ሶላት ሰግደን ስንጨርስ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባለው የባሰ ብርድ፣ ሀቦባ የሻይ ብርጭቆውን መያዝ አቃታቸው። ጣታቸው አልታጠፍ አለ። የከሰል ምድጃውን ደጅ አቀጣጠልኩ። ጭሱ እስኪጠፋ፣ ከሰሉ ቀይ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከዚያ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ።

እኛ ቤት የሚነደው እንጨትና ኩበት ነው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል፣ ሲበዛ ሰው ራሱ ይወጣል። ይሄ ግን ጭስ የለውም። ንጹሕ እሳት ነው ብዬ አመንኩ።

ክፍሉ ሞቀ። ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተኮማተረ ትከሻዬ ተፍታታ። ሀቦባ የሰርጋቸውን ነገር ማውራት ጀመሩ። እኔ መሬት ላይ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ራሴን ከበደኝ፤ እንቅልፍ መሰለኝ። ከዚያ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። አሁን የሰገድኩበት ክፍል ነው፤ ግን በየት ዞሬ እንደሰገድኩ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ይሄ ነገር ልክ አይደለም፣ ልነሣ አልኩ። እግሬ የተናገርኩት ያልገባው ይመስል ዝም አለኝ። ሀቦባ ያወራሉ፤ የሚያወሩት በአረብኛ ይሁን በአማርኛ አላውቅም።

ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው ጉንጬ ሥር እርጥብ በርሲም መኖሩን ነው። ደጅ ነኝ። አስመለሰኝ። ፀሐይ ወጥታለች። ጥጃዋ እናቷ ሥር ገብታ ትጠባለች። ሀቦባ በባዶ እግራቸው፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ አጠገቤ ተቀምጠው ጥጃዋን ያያሉ። ዘበኛው ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ።

ትንሽ ነፍሴ ስትመለስ ሀቦባን ምን ሆነን እንደወጣን ጠየቅኳቸው።

"ጥጃዋ ርቧት ነበር" አሉኝ። "በሩን ከፈትኩላት።"

"እኔንስ ማን አወጣኝ?"

"ጠራሁሽ፤ መጣሽ።"

"ምን ብለው ጠሩኝ?"

አሰቡ። "በስምሽ ነዋ" አሉ። በዚያ ቤት በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አንድም ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። በማን ስም ተጠርቼ፣ ማን ሆኜ እንደተነሣሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዘበኛው ደግሞ ሌላ ነው የሚለው። ከበረቱ ሆኖ እንዳየው፣ መጀመሪያ ጥጃዋ ወጣች፣ ቀጥሎ እኔ ሀቦባን ወገባቸውን አቅፌ፣ ተሸክሜያቸው ወጣሁ። ተሳስተሃል ብዬ ብከራከረው ማለ። እኔ ግን ክንዴ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ነበረብኝ፤ ጠቁሮ ሳምንት ቆየ። ያን ጠዋት ብርጭቆ መያዝ ያቃታቸው ሴት እንዲህ አድርገው ያዙኝ ማለት ይከብደኛል። ሌላ የያዘኝ ሰው ግን አልነበረም። ዘበኛውም ወደ ክፍሉ አልገባሁም ብሏል።

ለመሐንዲሱ የደወለው ዘበኛው ስለሆነ እሱ የደረሰው የዘበኛውን ወሬ ይዞ ነው። ረፋድ ላይ ደረሰ፣ የእናቱን ራስ ሳመ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እናቴን አተረፍሽልኝ፣ ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ምስጋናውን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

"እሳቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "መስኮቱን የደፈንኩትም እኔ ነኝ።"

ወደ ክፍሉ ገባ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ሲነቅል ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ሲወጣ እጁ ጭቃ ነክቶታል።

"አገርሽ እንዲህ አይደለም እንዴ የምታደርጉት?"

"አይደለም። ጣሪያችን ሣር ነው፤ አየር ያሳልፋል። ከሰልም አናውቅም።"

"ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝም" አልኩት።

በአማርኛ ቢሆን ከአፌ አይወጣም ነበር። በአረብኛ ግን አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ቃሉ ሳላስበው ቀድሞኝ ወጣ። ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ ሁለታችንንም ወደ ከተማ ልውሰዳችሁ አለ። ሀቦባ እምቢ አሉ። እኔም እቀራለሁ አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። አጥፍቼ ስለነበር ይሆናል፤ ወይም የሆነውን ነገር ሳይገባኝ ትቼው መሄድ ስላልፈለግኩ።

ከዚያ በኋላ የብርዱን ነገር የያዙት ሀቦባ ናቸው። እሳቸው በዚያ እርሻ ላይ ከአርባ ሺታ በላይ አሳልፈዋል፤ አእምሯቸው ስለሚሄድ ግን ማንም ምን እናድርግ ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። እኔም አልጠየቅኳቸውም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ዐንገረቦቹ ላይ ከፍራሹ ሥር ወፍራም የሣር ምንጣፍና ጆንያ እንዲነጠፍ አዘዙ። አልጋቸውን ከትልቁ ክፍል አስወጥተው ጣሪያዋ ዝቅ ያለች፣ መስኮቷ ወደ ደቡብ ብቻ የሆነች የዕቃ ቤት ውስጥ አስገቡ። ደረታቸው በሞቀ የሰሊጥ ዘይት እንዴት እንደሚታሽ አሳዩኝ፤ እኔም አሸኋቸው። መዲዳ የሚሉትን የአብሽ አጥሚት በወተት እንዴት እንደሚያፈሉት አስተማሩኝ፤ ጠዋት እሱን ስንጠጣ ጣታቸው ይታጠፋል። ብርዱ አልጠፋም። ጥርሳችን ይንገጫገጭ ነበር፤ ግን ደረታቸው አልተነካም፤ ጥጃዋም እግሯ ጠና።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሴት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል እንደሚገድል አያውቁም? ካወቁ ጆንያውን እየሳቁ ለምን አቀበሉኝ? በሩን የከፈቱትስ በእርግጥ ለጥጃዋ ብለው ነው? አንዳንዴ አውቀው ነው እላለሁ። አንዳንዴ ጥጃዋ ባትራብ ኖሮ ሦስታችንም እዚያው ቀርተን ነበር እላለሁና ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ወራቱ ሲያልቅ ብርዱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥሎን ሄደ። ብርድ ልብሶቹን አጥበን ሎሚዎቹ ላይ ያሰጣን ቀን ሀቦባ ደህና ነበሩ፤ ልጃቸው ነገ ሊወስደኝ እንደሚመጣም ያውቃሉ። አጋጣሚ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ያን ቀን ከሰሉ እንደሚጎዳን ያውቁ ነበር ወይ አልኳቸው።

"የትኛውን ቀን?" አሉኝ።

ከመጀመሪያው አንሥቼ ነገርኳቸው፤ ጥጃዋን፣ ጆንያውን፣ ምድጃውን፣ በሩን። ሥራቸውን ትተው በጥሞና ሰሙኝ። ስጨርስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ "ምስኪኖች" አሉ። "ተረፉ?"

"ተረፉ፣ ሀቦባ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ" አሉና የብርድ ልብሱን ሌላኛውን ጫፍ እንድይዝላቸው ሰጡኝ።