ፍርሃቴን ይዤ ሳሪስ የሄድኩበት ሰኞ

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ልቤ የታመመ ይመስለኝ ነበር። መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ዓይኑን ክፍሉ ላይ ሲያንከራትት ደረቴ ይደልቃል፣ መዳፌ ይረጥባል፣ ሰው ሁሉ የልቤን ምት የሚሰማው ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ትንፋሽ አጠረኝ። ገና ፍርድ ቤቱ ጋ ሳንደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩና ወርጄ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ አልኩ። የምሞት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ ተውኩ። ትምህርት ቤት በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ፤ ቆይቼ ጭራሽ አንዳንድ ቀን መቅረት አመጣሁ።

እናቴ ልደታ ማርያም ጸበል አስጠመቀችኝ። አባቴ "ትምህርት ጠልታ ነው" አለ። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ተወሰድኩና የልብ ምርመራ ተደረገልኝ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "ልቧ ጤነኛ ነው። ያስቸገራት ጭንቀት ነው" አለን።

"የምን ጭንቀት?" አለች እናቴ። "ምን ጎደለባትና ነው ዶክተር?"

ሐኪሙ አልተከራከራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንደኔ ዓይነት ልጆች በቡድን የሚመከሩበት ፕሮግራም እዚያው ግቢ ውስጥ እንዳለ ነገራትና ስሜን አስመዘገበ።

ክፍሉ በሌላው ቀን ሕፃናት የሚከተቡበት ነበር። ግድግዳው ላይ የወፋፍራም ሕፃናት ሥዕል ተለጥፏል፤ እኛ ከሥሩ በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የምታማክረን የአእምሮ ጤና ነርስ ናት፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። የመጀመሪያ ቀን እንድትፈውሰኝ ስጠብቅ "እኔ ጭንቀታችሁን ላጠፋላችሁ አልመጣሁም" ብላ ጀመረች። ተናደድኩ። ታዲያ ለምን መጣሁ?

"ስንት ጊዜ ልታባርሩት ሞክራችኋል?" አለች። "ሄደላችሁ?"

አንዳንዶቻችን ራሳችንን ነቀነቅን።

"እስቲ ደግሞ ይኑር ብላችሁ፣ እሱ እያለ የምትፈልጉትን ነገር መሥራት ልመዱ። እናንተ ሾፌር ናችሁ እንበል። ሐሳባችሁ ተሳፋሪ ነው። ከኋላ ሆኖ 'በዚህ አትሂድ፣ ትሞታለህ፣ ተመለስ' እያለ ይጮሃል። ይጩህ። መሪው ግን በእናንተ እጅ ነው።"

"ሲስተር፣ እኔ ትርፍ ጭኛለሁ" አለ አንድ ረጅም ልጅ፤ ሁላችንም ሳቅን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰው ፊት የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ሌላም ነገር አስተማረችን። "እወድቃለሁ" ከማለት ፈንታ "አእምሮዬ ትወድቂያለሽ እያለኝ ነው" እንድንል። መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ሲደጋገም ግን በእኔና በሐሳቡ መካከል ትንሽ ክፍተት ይፈጥራል፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ መተንፈስ ይቻል ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ የአብነት ሰፈር ልጅ ናት። እዚያ የልብስ ስፌት ዕቃ ከምትሸጥ አክስቷ ጋር ነበር የምትኖረው። እሷ እንደኔ አትርበተበትም፤ የሷ ድባቴ ነው። ሲስተር ምን እንደሚሰማት ስትጠይቃት "ምንም" ትላለች። አንድ ቀን ብቻ "ጠዋት ስነቃ ለምን ነቃሁ እላለሁ" አለች። ስንወጣ መንገዳችን ስለሚገጥም አብረን እንሄዳለን። ብዙ አናወራም፤ ከሷ ጋር ዝም ማለት ግን አይከብደኝም ነበር።

ሰኔ ሊገባ አካባቢ አንድ ቅዳሜ እንደልማዳችን ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመች።

"አንድ ነገር ብነግርሽ ለማንም አትናገሪም?"

"አልናገርም።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን።"

"እኔ ከዚህ በኋላ አልመጣም። መኖሩ ደክሞኛል። ወስኛለሁ።" ይህን ስትል ፊቷ የተረጋጋ ነበር። ከቃሏ በላይ ያስፈራኝ መረጋጋቷ ነው። ምን ለማለት እንደፈለገች ልጠይቃት ስል "በቃ፣ ቻው" ብላኝ ወደ አብነት ታጠፈች። ልከተላት ፈልጌ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ።

ያን ቀን ስደውልላት አላነሳችም። እሑድ ስልኳ ጭራሽ ተዘጋ። አክስቷ ሱቅ ሄድኩ፤ ዝግ ነው። ቤታቸውን አላውቀውም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ዘበኛውን የሲስተርን ስልክ ስጠይቀው እንደማያውቀው ነገረኝ። "ለመሆኑ ሰላም ነው?" ሲለኝ "ሰላም ነው" ብዬው ተመለስኩ። ለሱ እንኳ መናገር አቃተኝ።

እንደዚያ ቀን የተጨነቅኩበትን ቀን አላስታውስም። የተማርኩትን ሞከርኩ። "አእምሮዬ ጓደኛሽ ልትሞት ነው እያለኝ ነው" አልኩ። አልሠራም። ይሄ ሐሳብ እኮ እውነት ሊሆን ይችላል! ወዲያው ደግሞ ሌላው ይመጣል፤ "አንቺ ሁሌም ታጋንኛለሽ። ልብሽም ታሞ ነበር ስትይ አልነበር?" ፍርሃቴ ስንት ጊዜ ዋሽቶኛል። አሁን እውነቱን ይሁን ውሸቱን የምለይበት መንገድ አልነበረኝም። ለእናቴ እንዳልነግራት፣ እናቴ እንኳን ይህን ሰምታ እንዲሁም ትጮሃለች፤ ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ደግሞም ምያለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ማርያምን ብዬ የዋሸሁበት ጊዜ አልነበረም።

ምሳ ቀርቦ ምግቡን እያየሁ ሳለ የመጀመሪያው ቀን ትዝ አለኝ። ሲስተር "እዚህ የተባለ እዚሁ ይቀራል" ካለች በኋላ "የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን አይቀርም" ብላ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም። ሲስተር በሥራ ቀን የምትውለው ሳሪስ ባለ ሌላ ጤና ጣቢያ መሆኑንም አስታወስኩ፤ አንዴ ስለ መንገድ መዘጋጋት ስታማርር ነግራናለች።

ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ። ትምህርት ቤት ግን አልሄድኩም፤ ሜክሲኮ ሄጄ የሳሪስ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። ገብቼ ስቀመጥ ረዳቱ በሩን ዘጋውና ትንፋሼ አብሮ የተዘጋ መሰለኝ። ጣቶቼ ደነዘዙ። "ውረጂ፣ ውረጂ፣ እዚሁ ትሞቻለሽ።" አፌን ከፍቼ ወራጅ አለ ልል ነበር። ከወረድኩ ግን ለሲስተር የሚነግር ሰው የለም። ከፊቴ ያለውን ወንበር ብረት በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ የነበሩት እናት አዩኝና ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው "እንኪ ልጄ፣ አሽቺው። መኪና አይስማማሽም እንዴ?" አሉኝ።

"አይስማማኝም" አልኳቸው። ሎሚውን አፍንጫዬ ላይ እንደያዝኩ፣ እየተንቀጠቀጥኩ ሳሪስ ደረስኩ። ፍርሃቱ መንገድ ላይ አልለቀቀኝም፤ አብሮኝ ወረደ።

ሲስተር ኮሪደሩ ላይ ካርድ የያዙ ሰዎች ከበዋት አገኘኋት። ስታየኝ ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቃ ወደ አንድ ክፍል አስገባችኝ። ለመናገር ብዙ ታገልኩ። ስጨርስ አላጽናናችኝም፤ በቀጥታ ጠየቀችኝ።

"ያለችሽን በራሷ ቃል ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ወዲያው ስልኳን አንስታ አክስትየዋ ጋ ደወለች።

"ልጅቷ የት ናት?... ተኝታለች? አሁኑኑ ግቢና እያት። ስልኩን አትዝጊው።"

ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ። በር ሲንኳኳ ይሰማል። አክስትየዋ ስሟን ትጠራለች። ዝም። እንደገና ይንኳኳል። እኔ የሲስተርን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዣለሁ፤ ሲስተርም ሌላውን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። እሷም ትፈራለች ለካ! ከዚያ በሩ ሲከፈት ተሰማና አክስትየዋ "አለች፣ አለች፣ ይኸው ቆማለች" አለች።

"ብቻዋን እንዳትተያት። እየመጣሁ ነው" አለች ሲስተር ቦርሳዋን እያነሳች። ያን ቀን ራሷ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እዚያም አስተኝተው ያክሟት ጀመር። እኔን ልደታ ስታወርደኝ "ሲስተር፣ ማርያምን ብያታለሁ እኮ" አልኳት።

"እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ስለ መሐላው አላውቅም" አለችኝ። "ግን ደግ አድርገሻል። ልትቆጣሽ ትችላለች፤ እሱንም ቻይው።"

እውነትም ተቆጣችኝ። ከሆስፒታል የላከችልኝ መልእክት "ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ" የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ ስልኬ እንዳይገባላት ዘጋችው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባዶ ወንበሯን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሲስተር ልጅቷ በሕክምና ላይ እንደሆነች ብቻ ነገረችን። ይሻላት ይሆን? ሲያስወጧትስ? በኔ እንደተማረረች ትቀር ይሆን? እነዚህን ሐሳቦች ላባርራቸው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ይዣቸው ትምህርት ቤት ሄድኩ፣ ይዣቸው ፈተና ተፈተንኩ። ውጤቴ ደህና አልነበረም። መፈተኔ ግን ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በነበረበት አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍታ ገባች። ከስታለች። ከኔ ርቃ ተቀመጠች። ሲስተር ዛሬ ምን ይዛ እንደመጣች ስትጠይቃት ቀጥ ብላ አየችኝና "ንዴት" አለች። "እሷ ላይ ገና ተናድጃለሁ።"

"እሺ" አልኩ። ወጥቼ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።

"ምንም አይሰማኝም ስትይ ነበር" አለች ሲስተር ቀስ ብላ። የልጅቷ እንባ ወረደ። ስትለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ስንወጣ ቀድማኝ ሄደች። ማዞሪያው ጋ ስደርስ ዣንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። ሳታየኝ ወደኔ አዘነበለችልኝና አብረን መሄድ ጀመርን።

"አክስቴ ስታንኳኳ ዝም ልላት ነበር" አለች። "በጣም ስትጮህ ግን አሳዘነችኝ፤ ከፈትኩላት።" ትንሽ ሄደችና "ታክሲ ይዘሽ ነው አሉ የሄድሽው። ውሸት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"አንቺ?" ብላ ዞራ አየችኝ።

አሁን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። መድኃኒቷን ለረጅም ጊዜ ወስዳለች፤ ክፉ ሳምንት አሁንም ይመጣባታል፤ ሲመጣባት ግን ለአክስቷ ትናገራለች። እኔም ሰው በበዛበት ቦታ ደረቴ መደለቁን አልተወም። ለፋሲካ መጥታ እኛ ቤት ዋለች። እናቴ እጇን ይዛ አልለቅ ብላት፣ ከስተሻል፣ ብዪ፣ ጠጪ ስትላት ዋለች፤ እሷም እየሳቀች የቀረበላትን ሁሉ በላች።