ጃርሳውን ይዤ እመጣለሁ

እናቴ የምትኖረው ወንጪ ነው፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ዳገት ላይ። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ አምቦ አልወረደችም። እኔና ባለቤቴ አምቦ ላይ ቤት ሠርተን ከገባን ቆይተን ነበር፤ ግን እናቴ ደጃፉን ረግጣ ሳትመርቀው ቤቱን አላስመርቅም ብዬ ምያለሁ። ጎረቤቶች «መቼ ነው የምታስመርቁት?» ሲሉኝ «ቀለሙ ይድረቅ» እላለሁ። ቀለሙ እንኳን ሊደርቅ መላጥ ጀምሮ ነበር።

አንድ ጊዜ ሞክራለች። በፈረስ እስከ መንገድ ወረደች፣ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ አስገቧት። ረዳቱ መሀል ወንበር ላይ ከከረጢትና ከሰው ጋር ጠቀጠቃት፤ ትንሽ እንደተጓዙ አስቁማ ወረደችና በመጣችበት ፈረስ ተመለሰች። «ለገበያ እንደሚሄድ ዶሮ ታጥፌ ሴት ልጄ ቤት አልገባም» አለችኝ በስልክ። እውነቷን ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ፈረስ ላይ ቀና ብላ የኖረች ሴት ናት።

ስለዚህ መኪና እንገዛ ተባለ። ዳገቱን የሚወጣ፣ ጭቃውን የማይፈራ፣ ደጇ ድረስ የሚደርስ። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ ያገለገለ ላንድክሩዘር መፈለግ ጀመርን፤ ጠቡም ከዚያ ጀመረ።

ባለቤቴ ጎጃሜ ነው። ለማስተማር ወደ አምቦ መጥቶ፣ እኔን አግብቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። ኦሮምኛውን ከገበያና ከጋራዥ ስለለቀመው የሽንኩርትና የሞተር ቃላት ላይ ጎበዝ ነው፤ ሌላው ላይ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይረዳውም። ድፍረቱን ግን እግዜር ሰጥቶታል። ስህተት ፈርቶ ዝም ያለበትን ቀን አላስታውስም።

ሁለት መኪና አገኘን። አንደኛው እጃጂ ላይ፣ የአንድ እህል ነጋዴ። የድሮው ሞዴል ነው፤ ነጭ፣ አራት ማዕዘን፣ መስኮቱ በእጅ የሚዞር፣ ከመሬት እንደ ቆጥ ከፍ ያለ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለውን የድንጋይ መቀመጫ አስታወሰኝ። ሁለተኛው እዚሁ አምቦ ነበር፤ ከዚያኛው በኋላ የወጣው ሞዴል። ብርማ ቀለም፣ ትከሻው ክብ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ። ወደ ኋላ ሲሄድ የኋላውን የሚያሳይ ስክሪን አለው። እኔ ገብቼ ተደገፍኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። እናቴ እዚህ ላይ እግሯን ዘርግታ ታየችኝ።

ባለቤቴ የሚያዘወትርበት ጋራዥ ያሉት መካኒኮች ለሁለቱም ሞዴሎች ስም አላቸው። የድሮውን «ጃርሳ» ይሉታል፤ በኦሮምኛ ሽማግሌ ማለት ነው። አዲሱን «ሙሽሪት» ይሏታል። አንዱ መካኒክ ለባለቤቴ የሰጠው ምክር እስከ ዛሬ ከአፉ አይጠፋም፦ «ጃርሳው ቢታመም ጊንጪም ይታከማል፣ እጃጂም ይታከማል። ሙሽሪት ካኮረፈች ግን አዲስ አበባ ድረስ ሽማግሌ መላክ ነው።»

«በቃ፣ ጃርሳው ነው» አለ ባለቤቴ።

«እናቴን ድንጋይ ላይ አስቀምጠህ ልታመጣት?» አልኩ።

«መንገድ ላይ ከምትቀር ድንጋይ ላይ ብትመጣ አይሻልም?»

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ቁርስ ላይ ስለ ባሌስትራ፣ ምሳ ላይ ስለ ወንበር። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ክርክር በማስረጃ ሲሆን እወዳለሁ። እሱ ግን ማስረጃ ሲያልቅበት ወደ ቀልድ ይዞራል። አንድ ቀን «አሮጌ ነገር ስለምወድ ደስ ሊልሽ ይገባል፤ አንቺም ነገ ታረጃለሽ» አለኝ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ነበርና ሻንጣዬን ይዤ ወንጪ ወጣሁ።

አኩርፌ መምጣቴን ለእናቴ አልነገርኳትም። መናገርም አላስፈለገኝም፤ ልጅ ብቻዋን በሻንጣ ስትመጣ እናት ታውቃለች። ምንም ሳትጠይቀኝ ቆጮውን አቀረበች፣ አልጋዬን አነጠፈች፤ ሁለት ሦስት ቀን ፊቴን ስታይ ቆየች።

ከዚያ ስልኳ ጠራ። ባለቤቴ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ድምፁን እሰማለሁ፤ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፣ በኦሮምኛ። ከሰላምታው ቀጥሎ ኮራ ብሎ «ሀርሜ፣ ቦሩ ጃርሳ ቀበዼን ዹፋ» አላት። እናቴ፣ ነገ ጃርሳ ይዤ እመጣለሁ ማለቱ ነው።

እናቴ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«ጨዋ ነው ባልሽ» አለችኝ። «የሰው አገር ሰው ሆኖ ወጉን ያውቃል። ሽማግሌ ይዞ ሊመጣ ነው።»

በእኛ አገር ሚስት አኩርፋ እናቷ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ በእኛ ቋንቋ ሽማግሌዎቹ ጃርሳ ናቸው። ባለቤቴ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን ለእኔ ወዲያው ገባኝ። ያንን አሮጌ መኪና ገዝቶታል፤ ሳይነግረኝ! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ለእናቴ «ሽማግሌ አይደለም፣ መኪና ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ግን በደስታ ጎረቤት ስትጣራ አየኋትና ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ነገ ምን እንደሚውጠው ማየትም አማረኝ።

በማግስቱ ግቢያችን ሞላ። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከጎረቤት ሦስት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሽማግሌ ሲመጣ የሚቀበለው ሽማግሌ ነዋ። አግዳሚው ተዘረጋ። በግ ታርዷል፣ ቆጮና አይብ ቀርቧል፣ ጠላው ከጎረቤት መጥቷል። እኔ የተበደለች ሚስት እንድመስል ተነግሮኝ ጓዳ ተቀመጥኩ።

ረፋዱ ላይ የሞተር ድምፅ ዳገቱን እያቃሰተ መጣ። ጡሩምባ ነፋ። ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን አቅንተው ተነሡ። እኔም መበደሌን ትቼ በበሩ አጮለቅሁ። ነጩ አራት ማዕዘን መኪና በጭቃ ተለውሶ በራችን ላይ ቆመ። ባለቤቴ ብቻውን ወረደ፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ለመኪናው የወጣ አቀባበል መስሎት ጥርሱ ሁሉ ታየ።

አጎቴ ወደ መኪናው ውስጥ አዩ፤ ከኋላው አዩ። «ጃርሳዎቹስ? ወደ ኋላ ቀሩ እንዴ?» አሉ።

ባለቤቴ ኮፈኑን ቸብ ቸብ አደረገና «ይኸው ጃርሳው!» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በጉ የታረደው ለመኪና መሆኑን ሁሉም ቀስ በቀስ ሲረዱት ከፊታቸው ላይ ይታያል። መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። በከዘራዋ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አጎቴ ተከተሉ። ባለቤቴ ለምን እንደሚሳቅ ባይገባውም አብሮ ሳቀ፤ ሲያስረዱት ፊቱ ቲማቲም መሰለ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሳይነግረኝ ገዝቷል!

«እንግዲህ ተጠርተናል» አሉ አጎቴ አግዳሚው ላይ እየተመለሱ። «በልተን ዝም ብለን አንሄድም። ነገሩ ይነገረን።»

እንዲህ ሆኖ የሁለት ሞዴል መኪና ጉዳይ በሽማግሌ ታየ። እኔ ስለ ለስላሳው ወንበር፣ ስለ ዝቅተኛው ወለል፣ ስለ እናቴ ጉልበት ተናገርኩ። እሱ ስለ ዳገቱና ስለ መካኒኩ ተናገረ፤ ሙሽሪት ስታኮርፍ የሚለው ላይ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ እያዩ ጢማቸውን ዳበሱ። ሳይነግረኝ ለምን እንደገዛው ሲጠየቅ «ነጋዴው ለሌላ ሰው ሊሰጠው ሲል ጊዜ ቸኮልኩ፤ አጥፍቻለሁ» አለና ቆሞ እጅ ነሣኝ። ወንበሩን ስፖንጅ እንዳስጨመረበትም ነገረን። በቀኝ በኩል ደግሞ ብየዳ ቤት እንደ እርካብ ያለ የብረት መርገጫ አሠርቶ አንጠልጥሎበታል። «ለሀርሜ ጉልበት ብዬ ነው» አለ። ያኔ ንዴቴ ግማሹ ወጣልኝ።

አጎቴ ወደ እናቴ ዞሩ። «የምትሳፈሪው አንቺ ነሽ። ተነሽና እይው።»

እናቴ ተነሥታ መኪናውን በፈረስ ገዢ ዐይን ዞረችው። ጎማውን በከዘራዋ ነካ ነካ አደረገች። ባለቤቴ ሮጦ ቀኙን በር ከፈተላት፤ እርካቡን አሳያት። እሷ አየችው፣ ከዚያ አማቿን አየች።

«ፈረስ በቀኝ የሚወጣው ማን አገር ነው?» አለች።

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በግራ ነው የወጣችው፤ ጠንካራው ጉልበቷም ለዚያ የለመደው ነው። ባለቤቴ ደንግጦ «ግን መኪና እኮ ነው» ሲል እሷ ከዘራዋን ወደ በሩ ጥግ ዘረጋች። እዚያ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ፈረስ መውጫዋ ድንጋይ አለ። አባቴ በሕይወት ሳለ ያስቀመጠላት ነው። መሐሉ እግሯ በረገጠው ብዛት ሰርጉዷል።

«ወደዚያ አስጠጋው።»

አጎቴ ከኋላ ሆነው በከዘራቸው እየመሩ «ና! ና! ና! በቃ!» አሉ። ስክሪን አላስፈለገም። መኪናው ግራ ጎኑን ለድንጋዩ ሰጥቶ ቆመ። እናቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በኋላ በኩል ባሉት ሁለት እርከኖች ድንጋዩ ላይ ወጣች፤ የኋላው በር ተከፈተላት፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራመደችና ገባች። ጉልበቷ አልታጠፈም። አላቃሰተችም። የመኪናው ወለልና የድንጋዩ ጫፍ እኩል ነበሩ፤ አንድ ግንበኛ ለክቶ የሠራቸው እስኪመስል። የእኔ ሙሽሪት ብትሆን ኖሮ ከድንጋዩ ወደ ታች መውረድ ነበረባት፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ የሚፈራው መውረድን ነው። የሒሳብ አስተማሪዋ ስለ ለስላሳ ወንበር ስትከራከር የበሩን ከፍታ አልለካችም።

እናቴ ተመቻችታ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ። ከዚያ ሁላችንንም በመስኮት አየችን።

«ምን ታያላችሁ? ቤቱን አሳዩኝ እንጂ።»

ሥጋው በድስት፣ ቆጮው በቅጠል፣ ጠላው በጀሪካን ተጫነ። ሊያስታርቁ የመጡት ሽማግሌዎችም ተጫኑ። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ፣ በጋቢና በከዘራ መሀል ተጣብቄ፣ ቁልቁል ወረድን። ባለቤቴ በመስታወቱ ሲያየኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ሁለተኛ ሲያየኝ ሳቄ አመለጠኝ። ታረቅሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሽማግሌ የለም፤ ረስተውታል።

አምቦ ደርሰን በራችን ላይ ስንቆም እናቴ በሩን ከፍታ ቁልቁል አየች። መሬቱ ሩቅ ነበር።

«ድንጋዩስ?» አለች።

ባለቤቴ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን። ለመውጫው የተጨነቅነውን ያህል ስለ መውረጃው አስበን አናውቅም። አጎቴ «እንሸከማት» ሲሉ እናቴ ተቆጣች፤ «ሙሽራ ነኝ እንዴ?» ብላ። ከግንባታው የተረፈ ብሎኬት ግቢ ውስጥ ነበርና ባለቤቴና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ጥለው መደርደር ጀመሩ። እኔ እኩል መሆኑን በዐይኔ እየለካሁ «አንድ ጨምሩ፣ ያኛውን አስተካክሉ» እላለሁ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ወጡ። ሲያልቅ እናቴ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ብሎኬቱ ላይ ቆመች፤ ትከሻዬን ያዘች።

ከዚያም ወዲያው አልወረደችም። እዚያው ሆና፣ የቤቱን ጣሪያና የተላጠውን ቀለም እያየች፣ መረቀችን። ልጅ ይውጣበት፣ እንግዳ ይግባበት አለች። መውጫና መውረጃ አያሳጣችሁ አለች። ሽማግሌዎቹ «ሀ ታኡ» ይላሉ፤ ይሁን ማለት ነው። ባለቤቴ ከሁሉም ጮክ ብሎ «ሀ ታኡ» ይላል። እኔ አለቀስኩ። ያን ያህል ዘመን የጠበቅሁት ይህንን ነበር፣ አገኘሁት፣ አለቀስኩ።

ብሎኬቱን በኋላ አፍርሰን በጥርብ የአምቦ ድንጋይ ሠራነው፤ በሁለት እርከን፣ በሲሚንቶ። አሁንም በራችን ላይ አለ። መኪና የሚያቆም ሁሉ ይራገምበታል፤ የሰፈሩ አሮጊቶች ደግሞ ከገበያ ሲመለሱ ያርፉበታል።

አሁን የወንጪ መንገድ አምሯል። ዳገቱ አያስፈራም፤ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። በቅርቡ ባለቤቴ፣ ያ አሮጌ ወዳዱ ሰው፣ ስልኩን ይዞ መጣና የአንዲት ሙሽሪት ፎቶ አሳየኝ። ወንበሯ ለስላሳ ነው፤ ወገቡን አሞታል። ትዝ ይለኛል፣ ያን ወንበር እኔ ነበርኩ የተመኘሁት። ሜትሬን አውጥቼ ወደ በር ወጣሁ፤ ድንጋዩን ለካሁና ተመለስኩ።

«የወለሏን ከፍታ ጠይቅ» አልኩት።

ጠየቀ። አልገጠመም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብዬው ወደ ሥራዬ ገባሁ፤ እሱም አልተከራከረም። ስፖንጁን ሊያስለውጥ ጃርሳውን ይዞ ሄደ።

እናቴ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፦ «ጃርሳው ደህና ነው?» በእኛ አገር ሚስት ባሏንም «ጃርሳዬ» ትለዋለችና የቱን እንደምትጠይቅ ግራ ይገባኛል።

«የትኛው?» እላታለሁ።

«ወደ አንቺ የሚያመጣኝ» ትለኛለች።