እናቴን የቀባኋት ግሪስ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ዓለምነሽ ያቺን ያረጀች የጓሮ ትራክተር ሆዷን ከፍታ፣ የተበላውን ኩሽኔታ አውጥታ በአዲስ ስትተካ፣ ሽታው መኝታዬ ድረስ ገባ። የከረመ ግሪስ። ሦስት ቀን ያደረ ዓሣ፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ዝናብ የመታው ውሻ፣ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጉት። አፍንጫዬን በነጠላ ይዤ ብወጣ፣ እስከ ክንዷ ጠቁራለች። «እማዬ፣ ነይ ያዢልኝ» ትለኛለች ደግሞ!

«እሱን ከምነካ እጄ ይቆረጥ!» አልኳት። ሳቀች። አታውቅማ።

ከወሎ በሰፈራ ጋምቤላ፣ አቦቦ በወረድንበት ዓመት እኔ ገና ጥርሴን የምነቅል ልጅ ነበርኩ። ከብቱን ገንዲ የሚሉት የቆላ በሽታ ፈጅቶት ቅቤ የሚባል ነገር በሕልም ነው። እናቴ ደግሞ ጠጉሯ ወገቧ ላይ የሚወርድ፣ በአገሯ በየሳምንቱ የምትቀባ ሴት ነበረች። ወባ ሲጥላት እህል አልቀምስ አለች። «አናቴ ነደደ፤ ትንሽ ቅቤ ባገኝ» ብቻ ነው የምትለው። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ሁለት ሴቶች ተቀብረዋል። ቀጣይዋ እሷ መሰለችኝ።

ያን ሰሞን የመንደሩ ትራክተርም ተሰብሮ ነበር። ኦሞድ የሚባል የአኙዋ ሰው፣ መካኒካችን፣ ዛፍ ሥር ተንበርክኮ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ አውርዶ መገጣጠሚያውን ይቀይራል። አጠገቡ አንድ ጣሳ አለ። ውስጡ ብጫ፣ ልስልስ ያለ ነገር፤ የአገር ቤት ቅቤ ራሱ! ጠጋ ብዬ ባሸተው ይከረፋል። ግን የቆየ ቅቤስ ይሸት የለም እንዴ? አገር ቤት እያለን ራስ ምታት የሚነቅለው የቆየው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ኦሞድ ዞር ሲልልኝ በቅጠል ዝቄ ሮጥኩ።

እናቴን እንደተኛች ከአናቷ እስከ ሹሩባዋ ጫፍ ለቀለቅኳት። በዚያ ሙቀት ሲቀልጥ በግንባሯ ወርዶ ዐይኗ ገባ። ብንን ብላ አሸተተችና አስመለሳት፤ ሆዷ ባዶ፣ የወጣው ሐሞት ብቻ። ዝንቡ ከየት እንደመጣ እንጃ። ያኔ እጄን አየሁት፤ ጣቶቼ መሀል እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል።

ኦሞድ መንገድ ላይ ያንጠባጠብኩትን ተከትሎ ደረሰ። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። «አንተ ልጅ! ይሄ ለብረት ነው፣ ለእናት አይደለም!» ሊቆጣ መጥቶ እናቴን ሲያይ ግን ቁጣውን ተወው። ሄዶ የራሱን ሳሙና አመጣልን። በሳሙና ታሸ፣ በአመድ ተፈተገ፤ ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ በምላጭ ተላጨች። ያ ሁሉ ጠጉር ተጨማልቆ፣ የሞተ አይጥ መስሎ መሬት ላይ ተከመረ።

በኛ አገር ሴት ራሷን ከተላጨች መርዶ ነው። ጎረቤቶች እናቴን ሲያዩ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። «እህቴን! ማንን አረዱሽ?»

እኔ በር ጥግ ተወሽቄያለሁ። አሁን ትነግራቸዋለች፣ እናቷን ያበላሸች እየተባልኩ አድጋለሁ ብዬ እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

«ማንም አልሞተብኝ» አለች በዚያ በደከመ ድምጿ። «ራሴን ቢያመኝ ልጄ ቅቤ ቀባችኝ።» ከዚያ «ነይ፣ የኔ እናት» ብላ እጄን ያዘችው። ያን የሚከረፋ እጄን።

ዳነችልኝ። ብዙ ዓመት ኖረች፣ ጠጉሯ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ዛሬ ጋምቤላ ገበያ ቅቤው ከደጋ በመኪና ይወርዳል። እየገዛሁ አስቀምጣለሁ፤ ልጆቼ ይሸታል ብለው አይቀቡም፣ የምቀባት እናቴም የለችም።

ከሰዓት ዓለምነሽ ጨርሳ አጠገቤ ዘፍ አለች። ሽታው መጣ። እጇን ሳብ አድርጌ ያዝኩት።

«እማዬ፣ ይሸታል እኮ፣ ልታጠብ።»

«ይሽተት» አልኳት።